ባህላዊ ዜማ፣ የዝክር ኮንሰርትና የቀልድ ዘፈን በአንድ አዳራሽ፦ ሦስቱን ምሽቶች እንዴት እናደራጃቸው?

ጠያቂ፦ የአዳራሹ ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ መካከለኛ አዳራሽ የፕሮግራም ኮሚቴ አባል ሆኜ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። አዳራሹ 300 ያህል ወንበሮች አሉት፤ ሁሉም ወለሉ ላይ የተተከሉ፣ ፊታቸውን ወደ መድረኩ ያዞሩና ቁጥር የተጻፈባቸው ናቸው። ከጥምቀት በኋላ በሚውሉት ሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ሦስት የሙዚቃ ምሽቶች ለማዘጋጀት አስበናል። የመጀመሪያው በመሰንቆ፣ በክራር፣ በዋሽንትና በከበሮ ብቻ የሚቀርብ የባህላዊ ዜማ ምሽት ነው፤ ሁለተኛው ለጥላሁን ገሠሠ ክብር የሚቀርብ የዝክር ኮንሰርት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ኮሜዲያንና ድምፃውያን አንድ ላይ የሚሠሩበት የቀልድና የዘፈን ምሽት ነው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን አዝማሪውን በየትኛው ምሽት እናስገባው በሚለው ጥያቄ ላይ ኮሚቴያችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቻችን አዝማሪ የባህላዊ ዜማ ሥር ስለሆነ ከመጀመሪያው ምሽት ሊወጣ አይችልም እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሕዝቡ አዝማሪን የሚፈልገው ሊስቅና ሊሳቅበት ስለሆነ ቦታው ሦስተኛው ምሽት ነው እንላለን። በዚህ ላይ አንድ የኮሚቴው አባል የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ሦስት ጊዜ ከምንከፍል ሦስቱንም ዝግጅቶች በአንድ ምሽት አጣምረን እናቅርብ የሚል ሐሳብ አምጥተዋል። ስለ ጥላሁን ዝክርም ድምፃዊው በተቻለ መጠን እንደ እርሱ ይዝፈን ወይስ በራሱ አዘፋፈን ያቅርበው፣ ፈቃድስ ከማን ይጠየቃል የሚለውን ገና አልቋጨንም። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

መሰንቆ ወዳድ

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ክርክራችሁ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። አዝማሪ ባህላዊ ነው ወይስ ቀልደኛ ብሎ መጠየቅ እንጀራ ጤፍ ነው ወይስ እርሾ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። በጎንደርም ሆነ በጎጃም፣ ኋላም በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ያየሁት አዝማሪ በአንድ ቁጭታ ያወድሳል፣ ይወቅሳል፣ ያስለቅሳል፣ ያሾፋል፤ ሰሙን ለሁሉም ሰጥቶ ወርቁን ለሚገባው ብቻ ይተዋል። ቀልዱን ነጥላችሁ ወደ ሦስተኛው ምሽት ብትልኩት በመጀመሪያው ምሽት የሚቀራችሁ የሙዚየም መሰንቆ ነው፤ ዜማውን ነጥላችሁ ብታስቀሩት ደግሞ በሦስተኛው ምሽት የሚቆመው ሰው ግጥም የሚወረውር ኮሜዲያን እንጂ አዝማሪ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከምሽቱ ይልቅ ወንበሩ ነው። አዝማሪ የሚሠራው ከሰው ፊት ነው። ፈንድቃ የሚባለው አዝማሪ ቤት ካዛንቺስ በነበረበት ዘመን፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይመራው በነበረው በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሰው በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጥ ስለነበር መሰንቆ መቺው በሁለት እርምጃ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይደርስ ነበር። የሰውየውን ልብስ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት፣ የያዘውን ብርጭቆ አይቶ ግጥሙን ከዚያው ይሠራል። እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። በእናንተ አዳራሽ ግን በአሥራ አራተኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ቢል ማን ይሰማዋል? የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ የመድረኩ ብቻ ሲበራስ አዝማሪው የማንን ፊት አይቶ ይገጥማል?

ይህንን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጎበዝ አዝማሪ ተጋብዞ ነበር። የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች በነጻ ለተጠሩ የክብር እንግዶች ተይዘው ስለነበር ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ አንድም ሰው አልሸለመም፣ አንድም ሰው ስንኝ አልሰጠም። አዝማሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገለ በኋላ ከመድረኩ ወርዶ፣ የተከበሩትን አልፎ፣ ወደ ኋላ ሄደና እንዲህ አለ፦

የፊተኛው ወንበር ምን ይፈይድልኛል፣
የኋለኛው ወንበር ኪሱን ከፍቶልኛል።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ምሽቱም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የክብር እንግዶቻችሁን ከዳር አስቀምጧቸው፤ የአዳራሹን መብራት በከፊል አብርታችሁ አቆዩት፤ በመተላለፊያዎቹ ላይ ገመድ አልባ ማይክ የያዘ ሰው አቁሙና ስንኝ መስጠት ለሚፈልግ እንግዳ ያድርስለት። ሽልማቱም የአዝማሪው እንጂ የአዳራሹ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ይህ ካልተነገረ ከመጋረጃ ጀርባ ጠብ ይነሣል።

ሦስቱን ማጣመር ለሚሉት አባላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፈንን፣ ፉከራንና ቀረርቶን፣ አጫጭር ድራማንና ቀልድን በአንድ ምሽት አሰባጥሮ የሚያቀርብበት ኅብረ ትርኢት የሚባል ልማድ ነበረው፤ ሕዝቡም ለምዶት ነበር። ነገር ግን ኅብረ ትርኢት የሚሠራው አንድ ላይ የሚውል የሚያድር፣ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ቡድን ሲኖር ነው፤ እናንተ ከየቦታው የምትጠሯቸው ሰዎች ግን የሚገናኙት ምናልባት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ድምፅ አስተካካይ

ከላይ የተጻፈውን ስለ መብራትና ስለ ማይክ እደግፋለሁ፤ እኔ ከሙያዬ አንጻር ብቻ ልናገር።

መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና ቆዳ የለበሰ ሣጥን ነው። ቆዳው በመድረክ መብራት ሙቀት ይወጠራል፣ በእርጥበት ይላላል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በቀዝቃዛ አዳራሽ ያስተካከላችሁት ድምፅ ማታ ሰው ሞልቶ መብራት ሲበራ በዚያው አይገኝም። ሙዚቀኛው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መብራቱ በርቶ በመድረኩ ላይ ይቀመጥ። ማይኩ ትንሽና ከሣጥኑ ላይ የሚያያዝ ቢሆን ይመረጣል፤ በማቆሚያ ላይ ያለ ማይክ ከሆነ አዝማሪው ወደ ሕዝቡ ሲወርድ መሰንቆው ድምፅ አልባ ይሆናል። ለሙዚቀኛው ራሱን እንዲሰማ የሚሰጠውን የሞኒተር ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ቆዳው ራሱ ያስተጋባና ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይመጣል። ከበሮውን ደግሞ ከመሰንቆው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በ300 ሰው አዳራሽ ከበሮ ማይክ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ብዙ አዘጋጆች የሚዘነጉት የክራሩን ጉዳይ ነው። መሰንቆ መቺ ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ለመሻገር ጣቶቹን ማዘዋወር ብቻ ይበቃዋል፤ ክራር መቺው ግን ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ ይህም በዝምታ የተሞላ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ዘፈኖቹን በቅኝታቸው ሰብስቡ፤ የትዝታዎቹ አንድ ላይ፣ የባቲዎቹ አንድ ላይ፣ የአምባሰሎቹ እንዲሁ። ካልሆነ ሁለት የተቃኙ ክራሮች ይቅረቡ። ኪቦርድ ለማስገባት ካሰባችሁ ደግሞ መሰንቆው በዘፋኙ ድምፅ ልክ እንጂ በኪቦርዱ ልክ የመቃኘት ልማድ እንዳለው አስታውሱ፤ ማን ለማን እንደሚገዛ በልምምድ ቀን ወስኑ።

ባህላዊ መሣሪያዎችን በአንድ ላይ አሰባስቦ በመድረክ ማቅረብ ራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑን ለማየት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ማስታወስ ይበቃል። ትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠርተው፣ በየአካባቢያቸው ለየብቻ ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎችን ነው ጎን ለጎን ያስቀመጠው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሮ ያቀረበው ብዙ ዓመት አብሮ ከሠራ በኋላ ነው። እናንተ ስንት የልምምድ ቀን አላችሁ?

ከመርካቶ

ስለ ቀኑ ማንም ያነሣው አልመሰለኝም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ነጻ የሆነ ጥሩ አዝማሪ ወይም ባንድ ብታገኙ እንኳ የሠርግ ዋጋ ነው የሚጠይቃችሁ። ቀኑን ብታዘገዩት ሁዳዴ ይገባል፤ ብታስቀድሙት ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። ጥርን ካልለቀቃችሁ ቅዳሜን ልቀቁ፤ ሐሙስ ማታ ሞክሩት፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ከእነርሱ ሐሙስ ይሻላል።

ጠበቃው

ፈቃድ ከማን ይጠየቃል ለሚለው ብቻ መልስ እሰጣለሁ፤ ስለ ሙዚቃው የሚያውቁት ይናገሩ።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው የሆነው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። ሥራን ለሕዝብ በይፋ መከወን የሥራው አመንጪ ብቸኛ የኢኮኖሚ መብቶች ከሆኑት አንዱ ነው፤ ይህ መብት አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አመንጪ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ በልማድ ዘፈኑን በድምፃዊው ስም ስለምንጠራው ድምፃዊውን እንደ ባለቤት እንቆጥረዋለን፤ በሕግ ዓይን ግን የግጥሙ ደራሲ አንድ ሰው፣ የዜማው ደራሲ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ድምፃዊው ደግሞ የከዋኝ መብት የሚባል የተለየ መብት አለው። ስለዚህ የድምፃዊውን ቤተሰብ ማስፈቀድ ተገቢና የጨዋ ሥራ ቢሆንም፣ ሕጋዊ ግዴታችሁን ብቻውን አይጨርስም። የምታቀርቧቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ፊት የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም አስቀምጡ፤ ከእነርሱ ወይም ከወራሾቻቸው በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። አንድ ዘፈን የደራሲው ማንነት ካልተገኘ በሌላ ተኩት።

ሌላም ነገር አለ። በዕረፍት ሰዓት የድምፃዊውን የተቀዳ ሥራ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ራሱን የቻለ አጠቃቀም ነው፤ የቀረጻው አዘጋጅም መብት አለው። መድረክ ላይ የሚዘፈነውን አስፈቅዳችሁ ይህንን እንዳትረሱት።

የቀበና እናት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም የተናገራችሁት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ያለውን ትልቅ አደጋ ያየ የለም።

የዝክር ኮንሰርትንና የቀልድ ምሽትን በተከታታይ ሳምንት፣ ይባስ ብሎ በአንድ ምሽት ማድረግ፣ አንዱን በሌላው ማበላሸት ነው። እኛ ዘንድ የታዋቂ ድምፃዊን አዘፋፈን አስመስሎ መዝፈን የኮሜዲያን ጥበብ ነው፤ አንገት አወዛወዙን፣ ዓይን አጨፋፈኑን፣ ድምፅ አሰባበሩን አጋኖ ያሳያል፣ እኛም እንስቃለን፤ ሳቃችን ደግሞ የንቀት ሳይሆን የፍቅር ነው። ለዝክር የሚቆመው ድምፃዊ ይህንኑ ያለማጋነን ሲሠራ ግን ተመልካቹ ምን ያድርግ? ጆሮው ማስመሰልን ከሳቅ ጋር አያይዞ ለምዷል። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ዝክር ላይ ተገኝቼ ነበር። ወጣቱ ድምፃዊ ተጨንቆ፣ ተጠንቅቆ፣ ከሞላ ጎደል እንደ ጥላሁን ዘፈነ፤ ከኋላዬ ያሉ ልጆች ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ሳቅ ጀመሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ኮሜዲ የጀመረ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ጥላሁን ያረፈበትን ያን የ2001 ዓ.ም. ፋሲካ እያሰብኩ ስለነበር ልቤ ተሰበረ።

ከዚህም በላይ የጥላሁን ሥራ ለእናንተ መድረክ ከባድ ነው። እርሱ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ የተሻገረ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን በሞላበት ኦርኬስትራ ፊት የቆመ ሰው ነው። በአንድ ኪቦርድ የሚታጀብ የጥላሁን ዝክር የሠርግ ቤት ይመስላል። ለመለከት ነፊዎቹ የምትከፍሉት ካላችሁ አድርጉት፤ ከሌላችሁ ግን ሌላ ሰው አስቡ።

እኔ ብሆን አስናቀች ወርቁን ነበር የማስባት። አስናቀች ከክራሯ ሌላ ኦርኬስትራ አላስፈለጋትም። በመድረክ ተዋናይነቷም የታወቀች ስለነበረች ዘፈኗ በአንድ በኩል ተውኔት ነው፤ ክራሯን እየመታች ስንኝ ስትወረውር፣ ስታሽሟጥጥ፣ ድንገት ደግሞ ትዝታዋን ስታንጎራጉር ሰው በአንድ ትንፋሽ ይስቅና ይተክዝ ነበር። የቀድሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንደገና ከታተመባቸው ኢትዮጲክስ ከተባሉት ተከታታይ አልበሞች መካከል 16ኛው ለእርሷ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ የምታዘጋጁት ልጆች አድምጠው ሊያጠኗት ይችላሉ። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው፤ ስለ እርሷ የሚደረግ ዝክር ግን ብዙ አላየሁም። ባህላዊ ዜማ ትላላችሁ፤ ክራር ነው። ዝክር ትላላችሁ፤ የእርሷ ነው። ቀልድ ትላላችሁ፤ ጨዋታዋ ውስጥ አለ። የድምፅ ኪራዩም በአንድ ማታ ያልቃል፤ የገንዘብ ጉዳይ ያሳሰባቸው አባላችሁ ደስ ይላቸዋል።

መሰንቆ ወዳድ

እናቴ፣ ስለ ማስመሰሉ የተናገሩት አሳምኖኛል፤ አላሰብኩበትም ነበር። በአስናቀች ሐሳብ ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የእርሷ ጨዋታ የሚያምረው በዚያች ሰዓት፣ ለዚያ ሰው የተፈጠረ ስለሚመስል ነው። አንዲት ወጣት በአልበም የተቀዳውን ስንኝ በቃሏ አጥንታ ብትደግመው ቃሉ ይገኛል፣ ጨዋታው ግን ይሞታል፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ለተቀመጠ ሰው የተወረወረ ሽሙጥ የዛሬውን ተመልካች አይወጋም። ስለዚህ ዝክሩ የሚደረግ ከሆነ ከዘፈኖቿ ሦስት ወይም አራቱ ብቻ እንዳሉ ይዘፈኑ፤ የቀረው ሰዓት ክራር ይዘው የራሳቸውን ስንኝ በቦታው መፍጠር ለሚችሉ ሰዎች ይተው። እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ድምፅ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ አፍ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ከመምረጣችሁ በፊት ልምምድ ላይ ጠርታችሁ ሦስት ያልጠበቁትን ስንኝ ስጧቸውና እንዴት እንደሚመልሱ እዩ።

የቀበና እናት

ትክክል ነህ ልጄ። ለመፈተኛው ስንኝ ሰጪ ከፈለጋችሁ እኔ እመጣለሁ።

ጠያቂ፦ የአዳራሹ ልጅ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ምላሾቻችሁን አትሜ ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ይዤ ገባሁ፤ ለረጅም ሰዓትም ተወያየንባቸው።

የደረስንበት እንዲህ ነው። ሦስቱ ምሽቶች ሁለት ሆነዋል፤ ቀናቸውም ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፤ በመካከላቸውም የሁለት ሳምንት ክፍተት አለ። የመጀመሪያው የመሰንቆና የአዝማሪ ምሽት ሲሆን ቀልዱ ከዜማው ሳይነጠል ይቀርባል፤ ለብቻው የታሰበው የኮሜዲ ምሽት ቀርቷል። የክብር እንግዶች ወደ ግራና ቀኝ ዳር ይዛወራሉ፤ በዚህ ላይ ሊቀ መንበራችን ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ ምክንያቱም የፊተኛው ወንበር የእርሳቸው ነበር። ሁለተኛው ምሽት የአስናቀች ወርቁ ዝክር ሲሆን አራት ዘፈኖቿ እንዳሉ ይቀርባሉ፣ የቀረው የክራር ጨዋታ ይሆናል። የጥላሁንን ዝክር የመለከት ነፊዎቹን ወጪ እስክናገኝ ድረስ አቆይተነዋል።

ጠበቃው እንዳሉትም የዘፈኖቹን ዝርዝር ሠርተን የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን መፈለግ ጀምረናል። ከአራቱ የአንዱን ዜማ ባለቤት ገና ስላላረጋገጥን ምትክ የሚሆን አምስተኛ ዘፈን አዘጋጅተናል። ድምፅ አስተካካይ ወንድሜ፣ ሁለት የተቃኙ ክራሮች ከማቅረብ ይልቅ ክራር መቺዋ እየቃኘች ስንኝ እየተቀበለች ብትቆይ ዝምታው ይሸፈን ይሆን? የቀበና እናታችን ደግሞ የመፈተኛው ልምምድ በመጪው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ነው፤ አድራሻውን በውስጥ መልእክት ልኬልዎታለሁ፤ መጓጓዣውንም እኛ እናዘጋጃለን።

ድምፅ አስተካካይ

እየቃኘች ስንኝ መቀበሉ ይቻላል፤ እንዲያውም ያምራል። ብቻ በዚያች ሰዓት የክራሩን ማይክ ዝጉና የእርሷን ድምፅ ብቻ ክፍት አድርጉት፤ የመቃኛው ጩኸት በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ጨዋታውን ያበላሸዋል። ይህን የሚዘጋና የሚከፍት ሰው ከድምፅ ማቀላቀያው አጠገብ ሳይነሣ ይቀመጥ።